የሸምሱ ኩባያ ሲደርቅ

ባለፈው ሰኞ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ ተመስግኛለሁ። ስነቃ «ጎበዝ፣ ነቃሽ» ተባልኩ። ፊቴን ስታጠብ ተመሰገንኩ፤ የቀኝ ጫማዬን ሳጠልቅ ተመሰገንኩ፤ የግራው ሲጠፋብኝ «አይዞሽ፣ መፈለግሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው» ተባልኩ። ለእኔ ዕድሜ ሁለት መቶ አሥራ አንድ መካከለኛ ቁጥር ነው። ታናሽ ወንድሜ ከሦስት መቶ ያልፋል፤ እሱ ግን ሲያስነጥስም ስለሚቆጠርለት ነው።

የሚያመሰግነን አይዞ ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ነገር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላን የእፎይታ ቢሮ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ያድለናል፤ እስከ ሠላሳ ዓመታችንም አይለየንም። ከዚያ በኋላ ሰው ራሱን ችሎ ይደሰታል ተብሎ ይታሰባል። ቀንም ማታም የእያንዳንዳችን የደስታ ልክ በየቤታችን በር ላይ ይበራል። የድሬዳዋ ወጣቶች ደስታ ከመቶ ዘጠና ስድስት ነው። የጎደለው አራት የእትዬ ሶሊያና ድርሻ ነው ብለን እንቀልዳለን፣ እሳቸው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ስለሆነ ከነጭራሹ ባይቆጠሩም።

እትዬ ሶሊያና የለገሃሬ ወጣቶች ክበብን የሚይዙት ሴትዮ ናቸው። ስማቸው የባልቴት ስም ነው፤ በእሳቸው ዘመን የተወለደ ሰው ሁሉ ሶሊያና፣ ናታን፣ ኢዩኤል ነው። እኔ አስካለ እባላለሁ፤ ጓደኞቼ ባንቺወሰን፣ ወርዶፋና ሸምሱ ናቸው። እትዬ ሶሊያና እኛን በስም ሲጠሩ ሁልጊዜ ከንፈራቸው ፈገግ ይላል። የቅድመ አያቶቻቸውን መቃብር እየቆጠሩ እንደሆነ እንደሚሰማቸው ይናገራሉ።

ክበቡ ድሮ የእድር ዕቃ ቤት ነበር። አሁን ያለው ንብረት አንድ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ አሥራ ስድስት ወንበር፣ ከጣሪያው ሥር የተጠቀለለ ትልቅ ድንኳንና እትዬ ሶሊያና በልጅነታቸው ይማሩበት የነበረ ኦርጋን ነው። አባላቱ አሥራ አራት ነን። አይዞ ወደ ውስጥ አይገባም። ሕጉ የወጣው አንድ ቀን ባንቺወሰን ኳሱን ስታ ኳሱ ደጅ ድረስ ሲንከባለል አይዞዋ ጮክ ብሎ «ጎበዝ» ያላት ጊዜ ነው። እትዬ ሶሊያና የቴኒስ መምቻቸውን አስቀመጡና፣ የሳተን ኳስ ጎበዝ የሚል ዳኛ ከዚህ በር አያልፍም አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስንገባ አይዞዎቻችንን አውልቀን በር ላይ ባለው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ እንጥላቸዋለን። ክዳኑ ተዘግቶም ቢሆን ሲያመሰግኑ ይሰማል፤ ማንን እንደሚያመሰግኑ እንጃ።

ሌላው ወግ ኩባያ ነው። እያንዳንዳችን ስማችንን በሚስማር የጫርንበት የቆርቆሮ ኩባያ አለን፤ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። የመጣ ሻይ ይጠጣበታል፣ አጥቦ ይሰቅለዋል። ሌላ መዝገብ የለንም።

አሁን ወደ በደሌ ልምጣ።

ሸምሱ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ከሰው ጋር ብዙ አያወራም፣ ከዕቃ ጋር ግን ያወራል። ኦርጋኑን አራት ወር ፈጅቶበት ነው የጠገነው። የሚፈልገውን ሽቦ ከየት እንዳመጣ አላውቅም፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ በጥርስ ብሩሽ ሲያጥብ ግን አይቻለሁ። የሠራ ዕለት ማታ አሥራ አራታችንም ነበርን። ሦስት ዘፈን የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ተቀመጥኩና ሦስቱንም እየደጋገምኩ ተጫወትኩ። ወርዶፋ ወንበር ላይ ወጥቶ ጨፈረ። እትዬ ሶሊያና ሳይቀሩ ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ሲያልቅ ጭብጨባው የቆርቆሮውን ጣሪያ አናወጠው፤ እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። እትዬ ሶሊያናን አመሰገንኩ፣ ክበቡን አመሰገንኩ፣ የመጡትን ሁሉ አመሰገንኩ።

ሸምሱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ኦርጋኑ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥር ነበር። አንዱ ሽቦ ገና ስላልተበየደ አርባ ደቂቃ ሙሉ በሁለት ጣቶቹ ቆንጥጦ ይዞት ነበር። እሱ ቢለቀው እኔ አንድ ድምፅ አላወጣም። ስሙን አልጠራሁም። ረስቼው ነው ብል ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን በጭብጨባው ሰክሬ ነበር።

በማግስቱ ቀደም ብሎ መጥቶ ሽቦውን በየደና ሄደ። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ኩባያዬን ልሰቅል ስል የእሱን ኩባያ አየሁት። የድሬ አቧራ መቼም ጊዜ አያባክንም፤ ውስጡን አልብሶታል። ለእትዬ ሶሊያና አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዳር እስከ ዳር አዩትና የጠፋ ሰው ይጠየቃል አሉ። ወርዶፋ ግራ ገባው። ሸምሱ የት እንዳለ አይዞ በሚያሳየው ካርታ ላይ ይታያል፣ ሳቢያን ሰፈር ቤቱ ውስጥ ነው፣ በሩ ላይ ዘጠና አራት ይበራል፣ ታዲያ ምኑ ነው የጠፋው አለ። እሳቸውም በእኛ ጊዜ ለሦስት ቀን ያላየነውን ሰው «ጠፋህ» እንለው ነበር ብለው አስረዱን። የት እንዳለ እያወቅንም እንለዋለን። እኛ ስላላየነው ነው የጠፋው። «ጠፋህ» የተባለ ሰው እኔ ባልኖር የሚያስተውል አለ ብሎ ይውላል፤ ይህም ለሰው ልብ ከዘጠና አራት ይበልጣል አሉ።

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጠፋሽ ተብዬ አላውቅም። እንዴትስ እጠፋለሁ?

በማግስቱ እኔና ባንቺወሰን ወደ ሸምሱ ቤት ሄድን። እናቱ እትዬ ሂባ በር ላይ ተቀበሉን እንጂ አላስገቡንም። ሸምሱ የእፎይታ ውል ጠይቆ የሙከራው ሳምንት ላይ ነው አሉን። ውሉን ሰምተን እናውቃለን። የፈረመ ወጣት ሦስት ዓመት ከክፍሉ አይወጣም፤ ምግቡ በመስኮት ይመጣለታል፣ ትምህርቱ ግድግዳው ላይ ይመጣለታል፣ አይዞ ቀን ከሌት ያወራዋል። የሚያስከፋ ሰው፣ የሚያስከፋ ወሬ፣ የሚያስከፋ ድምፅ አይደርስበትም። ከገቡት ሁሉ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ደስተኞች ናቸው ይላል ቢሮው፤ አንዱ በመቶ የቆጠራ ስህተት ነው። ሸምሱ አርብ አሥር ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ «አዎ» ይላል፣ ያልቃል።

«ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ» አሉ እትዬ ሂባ። «ቢሮውም ኬክ ላከልኝ። እኔ ግን ልጄን ከግድግዳው ማዶ ሲስቅ እየሰማሁ፣ በምን እንደሚስቅ አላውቅም።»

የሻሻቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ይጠመጥማሉ፣ ይፈታሉ። ምክንያቱ እኔ ነኝ ልላቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ፈሪ ነኝ።

በሙከራ ሳምንት መልእክት አይደርስም፣ በሩም ያልተመዘገበ ሰው ሲያንኳኳ ድምፅ አይሰጥም፤ ከውጭ የሚጮህም ይቀጣል። መንገድ ላይ መቀመጥ ግን አልተከለከለም። ማን መንገድ ላይ ይቀመጣል ብለው ይመስለኛል። ስለዚህ አርብ ዕለት አሥራ ሦስታችንም ሄደን ደጁ ላይ ልንቀመጥ ወሰንን። አንድ ጊዜ እንኳ በመስኮት ቢያይ ያየናል። ይኸው ነው ዕቅዱ።

እትዬ ሶሊያና አርብ አርብ ጉልበታቸውን ለማሳከም ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ያን ቀን ባይሄዱ ኖሮ የሆነው ሁሉ አይሆንም ነበር።

ግንቦት ነው፣ ስድስት ሰዓት ነው፣ አርባ ሦስት ዲግሪ ነው። የሸምሱ ደጅ ላይ ለአንድ ድመት የሚበቃ ጥላ እንኳ የለም። ወርዶፋ፣ «አቦ እዚህ ተቀምጠን ልንጠበስ ነው እንዴ?» አለና የክበቡን ድንኳን እናምጣ አለ። እኛ ድንኳኑን የምናውቀው የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር ሲኖር ለጥላ ስንተክለው ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ተሸክመን አመጣነው፣ ወንበሮቹንም ደረደርን። ምሰሶዎቹን ሁልጊዜ የሚተክልልን ሸምሱ ስለነበረ አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ ዘመመ። ቅጣቱን ፈርተን ማንም ቃል እንዳይተነፍስ ተስማማን። አንገታችንን ደፍተን፣ ዝም ብለን፣ በሰልፍ ተቀመጥን።

በእኛ ዘመን ሰው ሲሞት ማስታወቂያ ይመጣል፤ አይዞ ሦስት ደቂቃ ዝም ይላል፣ አራተኛው ላይ ጎበዝ፣ አዝነሻል ይላል፣ ያበቃል። ይህን የምናገረው ራሴን ለመከላከል ነው።

መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ኢዩኤል ናቸው፣ ከማዶው ግቢ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ እግራቸው ከቤት ውጭ ሲረግጥ አይቼ አላውቅም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ምንም አልጠየቁም። ቀጥሎ ሁለት አሮጊቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ቀጥሎ የመስጊዱ በኩል ሽማግሌዎች፤ እነሱም ገብተው ተቀመጡ፣ በሹክሹክታ ዱዓ አደረጉ። ከየት እንደወጣ የማላውቀው አሮጌ ሰው ሁሉ ከየጓዳው ብቅ አለ። ወንበር አለቀ፤ አግዳሚ መጣ፣ ድንጋይ መጣ። አንዲት ሴትዮ ንፍሮ በሰፌድ ይዘው ገቡ። ሌላዋ አራት ፔርሙዝ ሻይ። ከእኛ አንዱም አልጠየቀም፣ ከእነሱም አንዱ አልጠየቀም፤ ለካ እንደዚህ ባለ ቦታ መጀመሪያ ቁጭ ነው የሚባለው፣ ማን እንደሆነ ኋላ ይሰማል።

እኔ በበኩሌ በጣም ተደሰትኩ። ጥየቃ የሚባለው ነገር እንዲህ ይደምቃል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ለባንቺወሰን በዓይኔ አየሽ? አልኳት፤ እሷም ንፍሮ እያኘከች ራሷን ነቀነቀች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ እትዬ ሂባ ከሥራ ተመለሱ። መታጠፊያው ላይ እንደደረሱ ድንኳኑን አዩት። ቦርሳቸው ከእጃቸው ወደቀ። የለቀቁት ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ሲሮጡ፣ አሮጊቶቹም ይህን ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል ተቀበሏቸው፤ ሰፈሩ በአንድ ጊዜ በልቅሶ ተቀወጠ።

ያኔ ነው የገባኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ተንደርድሬ እትዬ ሂባን አቀፍኳቸው፤ ደህና ነው፣ ሸምሱ ደህና ነው፣ ለጥላ ነው፣ ለጥላ ብለን ነው እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል።

ውስጥ የሆነውን ኋላ ሸምሱ ነው የነገረን። አይዞ ልቅሶውን አፍኖ፣ ለተረፈው ጉምጉምታ «ውጭ ደስ የሚል ዝናብ እየዘነበ ነው» አለው። ሸምሱ ደግሞ ነገር ሲበላሽ የሚያውቅ ልጅ ነው። በድሬ፣ በግንቦት፣ በዘጠኝ ተኩል ዝናብ? ሊያጣራ መጋረጃውን ገለጠ። አራት ዓመት ሲሆነው አያቱ ሞተው ያንኑ ድንኳን በዚያው ደጅ አይቶታል። አይዞን ከጆሮው ነቅሎ ትራሱ ላይ ወረወረና በባዶ እግሩ ወጣ።

«ማን ሞተ?» አለ።

እናቱ አዩት። መራመድ አቅቷቸው በጉልበታቸው ሄደው እግሩን ያዙት። ጋሽ ኢዩኤል ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ፣ «እኛም ቁጭ ብለን የምንጠብቀው እሱኑ ለመስማት ነው» አሉ። ከዚያ የሁሉም ዓይን ድንኳኑን ወደ ተከልነው ወደ እኛ ዞረ። ወርዶፋ ወደ እኔ ጠቆመ። ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው።

ተነሣሁ። ጆሮዬ ላይ አይዞሽ የሚለኝ የለም፤ ቆርቆሮው ውስጥ ትቼው መጥቻለሁ።

«ማንም አልሞተም» አልኩ። «ሸምሱ ጠፋብን። ኩባያው ደረቀ። ጠፋህ ልንለው ነው የመጣነው።»

መቀጠል ነበረብኝ። ያን ኦርጋን የሠራው እሱ እንደሆነ፣ አራት ወር እንደፈጀበት፣ እኔ እጅ ስነሣ እሱ ጠረጴዛ ሥር ሽቦ ይዞ እንደነበር፣ ስሙን ሳልጠራ እንደቀረሁ፣ ስልሳ ለሚሆን የማላውቀው ሰው ተናገርኩ። በመጨረሻ ወደ እሱ ዞሬ፣ «አፍሬብሃለሁ ሸምሱ፤ በራሴ ማለቴ ነው» አልኩና ንግግሬን አበላሸሁት። አልቅሼም ነበር።

ሸምሱ አየኝ። ከዚያ ድንኳኑን አየ። ዓይኑ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ሄደ፣ ገመዶቹን ተከተለ፣ ፊቱ እየጠቆረ መጣ።

«ይህን ምሰሶ የተከለው ማነው?» አለ።

ወርዶፋ ቀስ ብሎ እጁን አወጣ።

«ወላሂ ሰው ልትገድል ነው እኮ!» አለው ሸምሱ፤ እናቱን ቀስ አድርጎ አነሣና አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ገመዱን ይፈታ ጀመር። ያንን ያዝ፣ ይህን ሳብ፣ አንቺ ድንጋይ አምጪ። አሥራ ሦስታችንም ሮጥን። ጋሽ ኢዩኤል ሳይቀሩ አንድ ካስማ ያዙ። እንደዚያ ቀን በደስታ ታዝዤ አላውቅም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ከፍቶት በወጣው በር አይዞ ከትራሱ ላይ ሲጠይቅ ተሰማ። ውሉን ትቀበላለህ? አለ፤ ሦስት ጊዜ። ሸምሱ ሚስማር ከንፈሩ ላይ ይዞ ነበር፣ ቀና እንኳ አላለም። አይዞ፣ መልስ ስላልተገኘ ውሉ ተሰርዟል፣ ጎበዝ፣ ጥሩ ሞክረሃል አለ። በሩ ላይ ያለው ቁጥር ጠፋ። እትዬ ሂባ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ብዙ ጊዜ ቆዩ።

እትዬ ሶሊያና በባጃጅ የደረሱት ያኔ ነው፤ ወሬው ጤና ጣቢያ ደርሷቸዋል። በቁም ሰው ደጅ ድንኳን! ሟርተኞች! እያሉ በምርኩዛቸው አንድ በአንድ ነካኩን፤ ሸምሱ ጋ ሲደርሱ ግን ምርኩዙን ጣሉት፣ ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጠፋህ፣ አንተ» አሉት። እሱም «አለሁ» አለ።

እንባዬን ማን ይመልስልኛል ያሉ አሮጊት ነበሩ። ትንሽ አሰቡና ግድ የለም፣ ለወደፊቱ ይያዝልኝ አሉ። የተተከለ ድንኳን ከሦስት ቀን በፊት አይነሣም የሚል ሕግም ከሽማግሌዎቹ በኩል ወጣ፤ ሕጉ ይኑር አይኑር እንጃ፣ ወደ ቤት መግባት ያልፈለጉ ይመስለኛል። ኦርጋኑን አመጣን፣ ጠረጴዛውንም አመጣን። ሸምሱ ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ሻይ እየጠጣን፣ ያን ማታ ምን እንደተሰማው ነገረኝ። ኦርጋኑ ሲጮህ አይዞ ጎበዝ እንዳይለው ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ቤት ሲገባ ጎበዝ አለው። ጠዋት ጥርሱን ሲፍቅም ብሎት ነበር፣ በዚያው ድምፅ። ከእናንተ ጎበዝ ካልተባልኩ፣ ከሰው መካከል መሆኔ ከአይዞ ጋር ብቻዬን ከመሆን በምን ይለያል ብዬ ነው የጠየቅኩት አለኝ፣ ውሉን ማለቱ ነው። ጋሽ ኢዩኤል በጠረጴዛ ቴኒስ ሃያ አንድ ለአራት አሸነፉኝ፤ ማንም አላጽናናኝም።

ከእፎይታ ቢሮ አንድ ጨዋ ሰውዬ መጥቶ ውሉ ለምን እንደተቋረጠ ሊመዘግብ ሞከረ። የምክንያቱ ዝርዝር ላይ የሚስማማ ነገር አጣ። በመጨረሻ የአይዞን መዝገብ አይቶ «ዝናብ» ብሎ ጻፈ፤ ሁለት ኩባያ ሻይ ጠጥቶም ሄደ።

ይህ ከሆነ አንድ ወር አለፈው። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ያዘኝና ተኛሁ። አይዞ ሳልሁ ብሎ አመሰገነኝ፣ ዳንሁ ብሎ አመሰገነኝ፣ በራችን ላይ ዘጠና ሰባት አበራ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃችን ላይ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። አይዞ የሆነ ነገር ሊለኝ ሲጀምር አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና መጋረጃውን ገለጥኩ። ድንኳኑ ቆሟል። ጋሽ ኢዩኤል ከፊት ወንበር ላይ ናቸው፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ። ምሰሶዎቹ አራቱም ቀጥ ብለዋል፤ ማን እንደተከላቸው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

እውነቱን ልናገርና ልጨርስ፦ ጉንፋኑ በሁለተኛው ቀን ለቆኝ ነበር፤ ሦስተኛውን የተኛሁት ኩባያዬ እስኪደርቅ ነው።